ሐረጎ ላይ የምትረጋ ሴሊካ፦ የሾክ፣ የሞላና የቡሽ ሥራ ማስታወሻ

ታኅሣሥ 18

ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት መውረድ፣ ማታ መውጣት። መንገዱ አጭር ነው፤ ግን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ ላይ ስለሆኑ፣ ያንን ሁሉ ቁልቁለት በመካከላቸው ያለው ጠመዝማዛ መንገድ፣ ሐረጎ ነው የሚሸከመው።

ዛሬ ጠዋት ሐረጎን ስወርድ፣ ወደ ግራ በሚታጠፍ አንድ ኩርባ መሃል ላይ፣ አስፋልቱ የተጠገነበት እብጠት አለ። ፍጥነቴ ከ50 አይበልጥም ነበር። የኋላ ጎማዎቿ እብጠቱን እንደነኩ ቂጧ ወደ ገደሉ በኩል ዘለለ። ስንዝር ቢሆን ነው፤ ግን ጎማው መሬት ለቆ እንደነበር በወገቤ ተሰማኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች። ምንም አላለችም፤ እጇ ግን የበሩን እጀታ እንደጨበጠ ኮምቦልቻ ገባን።

መኪናዋ ሰባተኛው ትውልድ ሴሊካ ነች፤ ቶዮታ ከ1999 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የሠራት፣ ባለ 1.8 ሞተር፣ በፊት ጎማ የምትጎተት። ፊቷ ላይ ማክፈርሰን የሚባለው አሠራር አለ፤ ሾኩና ሞላው አንድ ላይ ቆመው እግሩን የሚይዙት። ኋላዋ ደግሞ በላይና በታች አርም፣ ማለትም እግሩን ከገላዋ ጋር በሚያያይዝ ብረት፣ የተያዘ ነው። አሠራሯ ጥሩ ነው። ለኩርባ የተወለደች መኪና ኩርባ ላይ ካስፈራች የሆነ ነገር ጎድሏታል ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ የማደርገውን ሁሉ እዚህ እጽፋለሁ።

ታኅሣሥ 22

ቧንቧ ውሃ አካባቢ ወዳለው መካኒኬ ወሰድኳት። ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ አይሱዙም ሚኒባስም በእጃቸው ያልፋል። «ጋሼ፣ አዲስ ሾክና ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ላስመጣ አስቤያለሁ» ስላቸው፣ «አብሽር ልጄ፣ መጀመሪያ ያለውን እንይ» ብለው ጉድጓዱ ላይ አስቆሙኝ።

ያየነው ይኸው ነው። የፊት ቀኝ ሾክ ዘይት አልቅሷል፤ ገላው ላይ አቧራው ከዘይቱ ጋር ተቦክቶ ጥቁር ቅርፊት ሠርቷል። የኋላ ሾኮች አያፈሱም፤ ግን ጋሼ ጥግዋን ይዘው ሲነቀንቋት ሁለቴ ተኩል ተወዛወዘች። ሞላ ክብደት ይሸከማል እንጂ ራሱን አያቆምም፤ ማቆም የሾክ ሥራ ነው። ጤነኛ ሾክ ከአንድ መመለስ በኋላ ዝም ያሰኛታል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የታችኛው አርም ቡሽ፣ አርሙ ከገላዋ ጋር በሚገናኝበት ያለው ላስቲክ፣ ነው። ጋሼ ሊቨር አስገብተው ጠምዘዝ ሲያደርጉት አርሙ ከቤቱ ጣት ውፍረት ያህል ተንሸራተተ። ላስቲኩ ዙሪያውን ተቀዷል። ይህን ቡሽ ያስቀየርኩት ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጋራዥ። ላስቲኩ አዲስ መሆኑ ያስታውቃል፤ ታዲያ ምን ቀደደው? ጋሼ ወዲያው ነገሩኝ፦ «ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ነው ቡሎኑን ያሰሩልህ።» ይህን በኋላ ሥራው ላይ በዝርዝር እጽፈዋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚከስርበት ነገር ነው።

ስታብላይዘር የሚባለው፣ መኪናዋ ኩርባ ላይ እንዳታዘነብል ግራና ቀኝ እግሯን የሚያገናኘው ዘንግ፣ ማያያዣዎቹ (ሊንኮቹ) የኋላ ሁለቱ ላልተዋል። በእጅ ሲነቀነቁ ቀጭ ቀጭ ይላሉ።

ታኅሣሥ 29

ምንም ሳልገዛ መለካት ፈለግሁ። ኮምቦልቻ የከባድ መኪና ሚዛን ላይ ባለቤቱን አስፈቅጄ ወጣሁ፤ መጀመሪያ በሙሉ፣ ቀጥሎ የፊት እግሯን ብቻ። ሚዛኑ በ20 ኪሎ ነው የሚቆጥረው፤ ቢሆንም ይበቃል። እኔና ግማሽ ታንክ ቤንዚን ጨምሮ 1,220፣ ከዚያ ውስጥ 740 ፊት ላይ። ከመቶ 60 በላይ የሚሆነው ክብደት ፊት ላይ ነው ማለት ነው። በቁልቁለት ፍሬን ሲያዝ ደግሞ የቀረውም ወደ ፊት ይሄዳል፤ ኋላዋ ባዶ ቅርጫት ይሆናል። ለዚህ ነው እብጠት ሲያገኘው የሚዘለው።

ሁለተኛው መለኪያ የፕላስቲክ ማሰሪያ ነው፤ ገመድ የሚታሰርበት፣ በሳንቲሞች የሚገዛው። የሾኩ ዘንግ ላይ ጠበቅ አድርጌ አስሬ ወደ ታች ገፋሁት። ሾኩ ሲሰምጥ ማሰሪያውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሲመለስ ማሰሪያው የደረሰበት ይቀራል። ሐረጎን ወርደን ስናይ፣ የፊት ሾክ መኪናዋ ከቆመችበት 41 ሚሊ ሜትር ሰምጧል። ሾኩ ሰምጦ ሲጨርስ የሚያርፍበት የመጨረሻው ላስቲክ የሚጀምረው 46 ላይ ነው። አምስት ሚሊ ብቻ!

ይህች 5 ሚሊ ሜትር የብዙ ወር ሐሳቤን ቀየረች።

ጥር 6

ማታ ፒያሳ ቡና ላይ የጓደኞቼ ምክር አንድ ዓይነት ነው፦ «ዝቅ አድርጋት፣ መሬት ትይዝልሃለች።» እኔም እስካለፈው ሳምንት እንደዚያ ነበር የማስበው። ነገሩ ግማሽ እውነት አለው፤ ክብደቷ ለመሬት ሲቀርብ ኩርባ ላይ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚሄደው ጭነት ይቀንሳል። የቀረው ግማሽ ግን አይነገርም።

3 ሴንቲ ሜትር ባወርዳት፣ ሾኩ ከሚሰምጥበት ቦታ ውስጥ ያንኑ 3 ሴንቲ እበላለሁ። ማሰሪያው እንዳሳየኝ የቀረኝ 5 ሚሊ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ እብጠት ላይ የመጨረሻውን ላስቲክ ትመታለች፤ ያኔ ሞላው ሞላ መሆኑ ቀርቶ ድንጋይ ይሆናል፤ ጎማው ይዘላል። ይህን ለመከላከል ሞላውን በጣም ማጠንከር ያስፈልጋል፤ በጣም የጠነከረ ሞላ ደግሞ ለለሰለሰ የውድድር አስፋልት እንጂ ለተጠጋገነው ሐረጎ አይሆንም። አየር ላይ ያለ ጎማ የመኪናው ዋጋ ምንም ይሁን ምን አይይዝም።

ሌላው የማክፈርሰን ጣጣ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ቆሜ እንዳየሁት የታችኛው አርም ከውስጥ ወደ ውጭ ትንሽ ወደ ታች ያዘነብላል። መኪናዋ ስትወርድ አርሙ ይጋደማል፣ ከዚያም ጫፉ ወደ ላይ ይነሳል። መኪና ስትታጠፍ የምታዘነብልበት ማዕከል የሚወሰነው በዚህ አርም አቀማመጥ ነው፤ ገላዋ 3 ሴንቲ ሲወርድ ማዕከሉ ከዚያ በላይ ይወርዳል። በክብደቷና በማዕከሉ መካከል ያለው ርቀት ረዘመ ማለት ደግሞ የሚያዘነብላት ክንድ ረዘመ ማለት ነው። ዝቅ ብላ ይበልጥ ልታዘነብል ትችላለች። ይህን ለጓደኞቼ በሲኒና በማንኪያ ሳሳያቸው አንዱ ብቻ ነው ያመነኝ።

ሞላ ማስቆረጥማ ከናካቴው አይታሰብም። ስድስት የሚሠራ ጥቅል ካለው ሞላ አንዱን ብትቆርጥ የቀረው 20 በመቶ ይጠነክራል፤ ይህ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን የተቆረጠው ጫፍ መቀመጫው ላይ በትክክል አይተኛም፤ ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው ከቦታው ሊወጣ ይችላል። በእሳት ከተቆረጠ ደግሞ ብረቱ ሙቀቱ በነካው በኩል ጥራቱን ያጣል። ሐረጎ ላይ ሞላው ያመለጠ መኪና ማሰብ አልፈልግም።

ኮይልኦቨር፣ ማለትም ቁመቱ በጥርስ የሚስተካከለው፣ ለብዙ ጊዜ ሕልሜ ነበር። ዋጋው ወደ አራት ወር ደሞዜ ይጠጋል። ዋጋው ብቻ ቢሆን እታገሠው ነበር፤ ግን ጥርሱ ውስጥ አቧራና አሸዋ ይገባል፣ ክረምት ላይ ጭቃው ይደርቅበታል፣ ማኅተሙ ካፈሰሰ እዚህ የሚያድሰው የለም። ርካሾቹ ደግሞ ጉዟቸው አጭር ነው፤ እኔ የምፈልገው ደግሞ ጉዞ ነው።

ስለዚህ ውሳኔዬ፦ የፋብሪካውን ሞላ አስቀራለሁ። አራት አዲስ የጋዝ ሾክ፣ ካያባ ከሚባለው አምራች። የፊት አርም ቡሾች በሙሉ፣ የስታብላይዘር ሊንክና ላስቲክ፣ የሾኩ የላይኛው መቀመጫና ኩሽኔታው። ቡሹም ጎማ እንጂ ፖሊዩረቴን የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ አይደለም። ፖሊዩረቴን አይተጣጠፍም፣ መሪው ላይ ይሰማል፤ ግን በየጊዜው ግራሶ ካልተደረገለት ይጮሃል፣ በሁለት አቅጣጫ የሚጠማዘዝ ቦታ ላይ ደግሞ ይይዛል። የጠበቀ የኋላ ስታብላይዘርም አዝዣለሁ፤ እሱን ግን መጨረሻ ላይ ለብቻው እሞክረዋለሁ።

ጥር 13

ጥምቀት አልፎ ሱቆች ተከፈቱ፤ ወደ ጎሚስታው። ጎማዎቼ ጥርሳቸው ሙሉ ስለሆነ ደህና ናቸው ብዬ ነበር። ጎኑ ላይ ያለውን አራት አኃዝ ሳነብ 2314 ይላል፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። «አዲስ» ተብሎ ሲሸጥልኝ ዓመታት መጋዘን ውስጥ ተኝቶ ነበር። ጥፍሬን ስጫነው አልገባም፤ ላስቲክ ሳይሆን ቀንድ ሆኗል።

195/60 ባለ 15 ቸርኬ ገዛሁ። 205/50 ባለ 16 ያምራል፤ ግን የጎኑ ቁመት 102 ሚሊ ገደማ ነው፣ የ15ቱ 117። እነዚያ 15 ሚሊ ሜትሮች ደሴ ውስጥ ያሉትን ጉድጓዶች ከቸርኬው በፊት ይቀበሉልኛል። ጎማ የመጀመሪያው ሞላ ነው።

ጥር 27

ዕቃው ደረሰ። ዛሬ ፊቷን ሠራን።

ክሪኩን ካነሳን በኋላ የብረት መቆሚያ ሁለቱም ጎን አስገባን። ከመፍታታችን በፊት ሾኩ ከእግሩ ጋር በሚያያዝበት ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት አደረግሁ፤ ካምበሩ፣ ማለትም ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበት መጠን፣ የሚወሰነው እዚያ ስለሆነ። የላይኛዎቹ ሁለት ቡሎኖች በዘይት አድረው እንኳ አልላሉም፤ ጋሼ ኪያቤው ላይ ቱቦ ሰክተው አስረዘሙትና «ቀስ» እያሉ ተጫኑት። አንዴ «ጭው» ብሎ ጮኸ፣ ለቀቀ።

ሞላውን ማውጣት ነው ዋናው አደጋ። ሁለት መጭመቂያ ፊት ለፊት ትይዩ አስረን፣ አንዱን ሁለት ዙር፣ ሌላውን ሁለት ዙር፣ እየተፈራረቅን ጨመቅነው። ሞላው መቀመጫው ላይ በእጅ ሲሽከረከር ብቻ ነው የላይኛው ዳዶ የሚፈታው። ጋሼ እኔን ከሞላው ጫፍ ፊት ለፊት አላቆሙኝም፤ ጎን ቆሜ ነው የሠራሁት። ወጣት ረዳታቸው ፊት ለፊት ሊያጎነብስ ሲል በትከሻው ይዘው ጎተቱት። ብዙም አልተናገሩም፤ ልጁ ግን ቀኑን ሙሉ ያቺን ቦታ አልረገጠም።

የወጣው አሮጌ ሾክ ዘንጉን ስጫነው ያለምንም ትግል ሰመጠ፤ እዚያው ቀረ። አዲሱን ከመግጠሜ በፊት አቁሜ አምስት ጊዜ እስከ ጫፍ ጫንሁና አወጣሁት፤ ተኝቶ ስለመጣ በውስጡ የገባው አየር ወደ ላይ እንዲወጣ ነው። መጀመሪያ እንደ ዳቦ ሟሸሸ፤ በሦስተኛው እኩል መቋቋም ጀመረ።

አሁን የቡሹ ነገር። ጎማ ቡሽ ማለት በብረት ቱቦ መካከል የተጣበቀ ላስቲክ ነው፤ አይሽከረከርም፣ ይጠማዘዛል። መሃሉ ያለው ቱቦ በቡሎኑ ሲጠብቅ በዚያው አንግል ይያዛል። መኪናዋ ክሪክ ላይ ሆና እግሩ ተንጠልጥሎ ከታሰረ፣ ጎማው መሬት ሲነካ መኪናዋ ቆማ እንኳ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይውላል፤ ተጠምዝዞም ያድራል። የእኔ በሁለት ዓመት የተቀደደው በዚህ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ቡሎን በእጅ ብቻ አስገባን፤ ጎማውን ገጥመን፣ መኪናዋን አውርደን ጉድጓዱ ላይ አቁመን፣ ሁለት ሰው ከፊት ተጭኖ ነቅንቆ ከረጋች በኋላ ነው ጋሼ ከሥር ሆነው የጥብቀቱን ልክ በሚለካው በቶርክ ኪያቤ ያጠበቁት። ለዚህ ተጨማሪ የፈጀብን 20 ደቂቃ ነው።

ጥር 28

ኋላዋ። ሾኩ ቀላል ነበር። ሊንኮቹን ለመፍታት አንዱ ዳዶ ከነቡሎኑ አብሮ ስለተሽከረከረ በመጋዝ ቆረጥነው። ላስቲኮቹም ተቀየሩ።

የካቲት 5

ቶውን፣ ማለትም የፊት ጎማዎች ከፊት በኩል ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የዞሩበትን መጠን፣ በሲባጎ ለካሁ። መቆሚያዎችን ከመኪናዋ ግራና ቀኝ አቁሜ ሲባጎ ዘረጋሁ፤ ከኋላ ቸርኬ መሃል እኩል ርቀት እስኪሆን አስተካከልሁ፣ ከዚያ የፊት ቸርኬውን የፊትና የኋላ ጠርዝ ከሲባጎው ለካሁ። ፊቷ 4 ሚሊ ወደ ውጭ ተከፍቷል። ከድሮው ቡሽ ጋር ያስተካከለው ሰው የላላውን አርም ነበር የለካው ማለት ነው። ጎማዎቹን ከመሪው ጋር የሚያገናኙትን ቲራንቴዎች ሁለቱንም እኩል በግማሽ ዙር እያዞርሁ ወደ ዜሮ አመጣሁት።

ካምበሩን በስልኬ የአንግል መለኪያ፣ ቀጥ ያለ እንጨት ቸርኬው ላይ አስደግፌ ለካሁ። ከላይኛው የሾክ ቡሎን ፈንታ ቀጠን ያለ ቡሎን ሲገባ ቀዳዳው ውስጥ ክፍተት ይፈጠራል፤ በዚያ ክፍተት ሁለቱንም ጎን 1 ዲግሪ ወደ ውስጥ አዘነበልኋቸው። ከዚህ በላይ የጎማውን የውስጥ ጠርዝ ይበላል።

የጎማ አየር ነገር ሲያስጨንቀኝ ነበር፦ ደሴ ሞልቼ ኮምቦልቻ ስወርድ ይቀንሳል? አየሩ እዚያ ስለሚከብድ መለኪያው ወደ 1 ፒኤስአይ ዝቅ ማለት አለበት። ትናንት ኮምቦልቻ አድሬ ጠዋት በብርዱ ስለካው እንደሞላሁት 32 ነው። የኮምቦልቻ ሙቀት ያንኑ ያህል መልሶታል።

የካቲት 12

ዛሬ ሐረጎን ወረድን። ማለዳ፣ ደረቅ አስፋልት፣ ከፊታችን ቅርቡ ላይ አንድም የጭነት መኪና የለም። ወደ ግራ የምትታጠፈው ኩርባ ላይ ስደርስ ልቤ ይመታ ነበር። ያው 50። እብጠቱን አንድ ጊዜ «ድም» ብላ አለፈችው፤ መሪውን ሳላርመው ኩርባውን ጨረሰች። ታች ወርጄ ማሰሪያውን አየሁ፦ 33 ሚሊ። ከ41 ወደ 33። ሞላው ያው፣ ቁመቷ ያው።

ባለቤቴ «ምን ቀየርክ?» አለችኝ። «ቀዳዳ ላስቲክ» አልኳት።

የካቲት 20

የኋላው ስታብላይዘር ዛሬ ተገጠመ። የፊት ጎማ የምትጎትት መኪና ኩርባ ላይ አፍንጫዋ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ኋላዋ ሲጠነክር ከጎን ወደ ጎን የሚሄደው ጭነት ብዙው በኋላ ጎማዎች ስለሚያልፍ ፊቷ ይቀልለታል፣ ወደ ውስጥ ትገባለች። ዘንጉ ድፍን ከሆነ ጥንካሬው በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ይጨምራል፤ 10 በመቶ ቢወፍር 46 በመቶ ይጠነክራል። በዓይን የማይለይ ውፍረት ነው፤ መሪው ላይ ግን እንደ ሌላ መኪና ይሰማል። ሐረጎን ሽቅብ ስወጣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። መሪውን ያዝ ሳደርግ ኩርባው ውስጥ ትገባለች።

ጋሼ ግን ዘንጉን በእጃቸው ሲመዝኑ ቆይተው «የበልጉን ዝናብ ጠብቅ» ነበር ያሉኝ።

መጋቢት 2

በልጉ ገባ። ጠዋት ሐረጎ በጉም ተሸፍኗል፣ አስፋልቱ ረጥቦ ያብለጨልጫል፤ ከጭነት መኪኖች የፈሰሰ ናፍጣ ያለበት ቦታ ቀስተ ደመና ይሠራል። 35 ላይ ነበርኩ። ከፊቴ የነበረ አይሱዙ ሲቀንስ እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ፤ ኩርባ መሃል ነበር። ጭነቱ ወደ ፊት ሄደ፣ ኋላዋ ቀለለ፣ ቂጧ በቀስታ ወደ ውጭ ወጣ። እብጠት አልነበረም፣ ሾኩም ደህና ነው። ያስወጣት ያ የጠነከረው ዘንግ ነው፤ ጭነት በሌለው እግር ላይ ጭነት ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው ሲያሻግር አንደኛው ባዶ ቀረ። መሪውን መለስ አድርጌ ያዝኋት። የዛሬው ብርድ ግን እስከ ማታ ከእጄ አልወጣም።

ደረቅ መንገድ ላይ የተደሰትሁበት ነገር እርጥብ ቁልቁለት ላይ ያው ራሱ አደጋ ሆነ። እኔ በዓመት ውስጥ ለወራት እርጥብ በሆነ መንገድ ነው የምመላለሰው።

መጋቢት 4

ፈታሁት። የፋብሪካው ዘንግ ከአዲሶቹ ሊንኮችና ላስቲኮች ጋር ተመልሶ ገባ። ማታ በዝናብ ሽቅብ ስወጣ ፊቷ ትንሽ ወደ ውጭ ይላል፤ አስቀድሞ ይነግረኛል፣ እኔም ነዳጁን አላላለታለሁ፣ ትመለሳለች።

ወፍራሙን ዘንግ በዘይት በነከርሁት ጨርቅ ጠቅልዬ ቤት አስቀምጬዋለሁ። ጫፉ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ የገጠምሁት በውስጠኛው ነበር። የውጨኛው ክንዱን ስለሚያስረዝመው ይለሳል። ክረምቱ አልፎ አስፋልቱ ሲደርቅ በዚያኛው እሞክረዋለሁ። ከዚያ በፊት 1,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ የአርሙን ቡሎኖች ጋሼ ጋ ወስጄ፣ ጎማዎቿ መሬት ላይ እንዳሉ፣ እንደገና በቶርክ ኪያቤ እናያቸዋለን። እስካሁን 640 ነው።